ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የማሞግራም ንባብ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል የእሳትን ጠባይ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሕዝብ የተገኘ ነው። እሳት ገና ብልጭ ሲል በአንድ ጭብጥ እርጥብ ቅጠል ይጠፋል፤ ጣሪያውን ከተያያዘው በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ውኃ ቢያመላልስም ላይበቃ ይችላል። የጡት ካንሰርም ጠባዩ ከዚህ ይመሳሰላል። በጡት ውስጥ ብቻ ተወስኖ ሳለ ሲደረስበት ብዙውን ጊዜ ሊድን የሚችል በሽታ ሲሆን፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከተሠራጨ በኋላ ግን ሕክምናው ዕድሜን ለማራዘምና ሥቃይን ለማስታገስ እንጂ ጨርሶ ለመፈወስ ያለው ዕድል እጅግ የጠበበ ነው።

በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ካንሰር እንደያዛቸው በምርመራ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሴቶች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታውን ቀድሞ ለማግኘት የሚደረገው ጥረት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቢሆንም፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ ረዳት አግኝቷል፤ ይኸውም የጡት ራጅን የሚያነብ ኮምፒዩተር ነው። «ኮምፒዩተር ከሐኪም በለጠ» የሚሉ ርዕሶች በጋዜጦች ላይ ተደጋግመው ታይተዋል። ለመሆኑ አንድ መሣሪያ በእርግጥ መጥቀሙ የሚታወቀው በምን ሚዛን ነው? በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር ከገለጽን በኋላ፣ በስዊድን የተካሄደውን ታላቅ ሙከራ መነሻ በማድረግ ይህን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን።

ማሞግራም ምንድን ነው?

ማሞግራም ጡትን ለማየት ተብሎ በተለየ ሁኔታ የሚነሣ የራጅ ምስል ነው። ራጅ በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ከተገኘ 18 ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1913፣ አልበርት ሳሎሞን የተባለ የበርሊን ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም በቀዶ ሕክምና የተወገዱ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ መርምሮ፣ ካንሰር ያለበት ጡት በምስሉ ላይ ተለይቶ ሊታይ እንደሚችል አስረዳ። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ጤናማ የሚመስሉ ሴቶችን አስቀድሞ ለመመርመር እስኪውል ድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

የምስሉ መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። ራጅ በስብ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ስብ በምስሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ወተት አመንጪ ዕጢዎችና እነሱን የሚያያይዙት ጅማታማ ክሮች ግን ራጁን በይበልጥ ስለሚያስቀሩት ነጣ ብለው ይታያሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የካንሰር ዕጢም በምስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ሆኖ ነው። በመሆኑም ስብ በበዛበት ጡት ውስጥ ያለ ካንሰር በጨለማ ሰማይ ላይ እንዳለ ኮከብ በቀላሉ ሲለይ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ያለው ግን በደመና መካከል እንዳለ ነጭ ወፍ ይሰወራል። የወጣት ሴቶች ጡት በአብዛኛው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፣ ማሞግራም በዕድሜ ከገፉት ይልቅ በወጣቶቹ ላይ የማየት ኃይሉ ደካማ ነው።

በመደበኛ ምርመራ እያንዳንዱ ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሴኮንዶች ይጫንና አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሰያፍ ይነሣል። ስለዚህ ለአንዲት ሴት አራት ምስሎች ይገኛሉ ማለት ነው። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ በእነዚህ ምስሎች ላይ ዳርቻው እንደ እሾህ የተሰባበረ ነጭ ጥላ፣ አንድ ቦታ የተሰባሰቡ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች፣ ወይም በቀኝና በግራ ጡት መካከል የሚታይ ያልተለመደ ልዩነት መኖሩን ይፈልጋል። የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ ሴትየዋ እንደገና ተጠርታ በአልትራሳውንድና በተጨማሪ ራጅ ትታያለች፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ሴቶች በየተወሰነ ጊዜ እየጠሩ መመርመር «የቅድመ ልየታ ምርመራ» ይባላል። በስዊድን በ1977 የተጀመረውና በሐኪሙ ላስሎ ታባር የተመራው ጥናት ለዚህ አሠራር ከፍተኛ ድጋፍ ሰጥቶታል። በሁለት የስዊድን አውራጃዎች የተካሄደው ይህ ጥናት በ1985 ባወጣው ውጤት፣ ለማሞግራም በተጠሩት ሴቶች ዘንድ በጡት ካንሰር የሚደርሰው ሞት ካልተጠሩት ጋር ሲነጻጸር በ31 በመቶ ዝቅ ማለቱን ገለጸ። ከዚያ በኋላ በርካታ የአውሮፓ አገሮች ተመሳሳይ መርሐ ግብር ዘርግተዋል።

ሆኖም በቅድመ ልየታ ምርመራ ከሚታዩት 1,000 ሴቶች መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው አምስት ወይም ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። ሐኪሙ በሺህ የሚቆጠሩ ጤናማ ምስሎችን እያለፈ አልፎ አልፎ ብቅ የምትለውን አንዷን አደገኛ ምስል እንዳያሳልፍ መጠንቀቅ አለበት። የሰው ዓይን ይደክማል፤ ሐሳብም ይበተናል። ስለሆነም በአውሮፓ በሰፊው የሚሠራበት ደንብ እያንዳንዱ ማሞግራም በሁለት የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ተለያይቶ እንዲነበብ ያዝዛል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው፣ አንዱ ያለፈውን ሌላው ያገኘዋል፤ ካልተስማሙም ተወያይተው ይወስናሉ።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞች በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ እጥረት አለባቸው። እንዲህም ሆኖ የሚያመልጥ ካንሰር አይጠፋም። አንዲት ሴት ተመርምራ «ምንም የለብሽም» ተብላ ከተመለሰች በኋላ፣ ቀጣዩ ቀጠሮዋ ሳይደርስ በራሷ ላይ እብጠት አግኝታ ወደ ሐኪም የምትሄድበት ጊዜ አለ። በሁለት ምርመራዎች መካከል የሚገለጠው ይህ ዓይነቱ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ የሚያድግና አደገኛ ነው። ለምቾት ያህል «የመካከል ካንሰር» ብለን እንሰይመው። ወደ መጨረሻው ገደማ ዋነኛ ሚዛናችን የሚሆነው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ረዳት ለምን ሳይሳካለት ቀረ?

ኮምፒዩተርን ለማሞግራም ንባብ መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን መሣሪያ በ1998 ፈቅዷል። መሣሪያው ምስሉን መርምሮ የሚያጠራጥሩትን ቦታዎች በምልክት ያሳያል፤ ሐኪሙም ምልክቶቹን አይቶ ይወስናል። ፕሮግራሙ የሚመራው በአብዛኛው ሰዎች አስቀድመው በጻፉለት መለኪያ ነበር፤ ለምሳሌ «ክብ፣ ነጭና ይህን ያህል ስፋት ያለው ነገር ስታገኝ ምልክት አድርግ» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ የጤና መድን ለአገልግሎቱ ተጨማሪ ክፍያ ስለፈቀደ መሣሪያው በፍጥነት ተሠራጨ።

ይሁንና በ2007 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት ይዞ ቀረበ። ጥናቱ በ43 የምርመራ ማዕከላት የታዩ 222,135 ሴቶችን መዝገብ የመረመረ ነበር። መሣሪያውን በተጠቀሙት ማዕከላት ዘንድ ጤናማዋን ሴት «ጤናማ ነሽ» የማለት ብቃት ከ90.2 በመቶ ወደ 87.2 በመቶ ወረደ። ይህም ማለት ካንሰር ከሌለባቸው 1,000 ሴቶች መካከል ያለ አግባብ የሚጠሩት ከ98 ወደ 128 አደጉ ማለት ነው። ለናሙና ምርመራ የሚላኩት ሴቶች ቁጥርም በ19.7 በመቶ ጨመረ። በአንጻሩ ካንሰርን የማግኘት ብቃት በአስተማማኝ ሁኔታ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በ2015 የታተመውና ከ320,000 በላይ ሴቶችን ያካተተው ሌላ ጥናትም መሣሪያው ንባቡን እንዳላሻሻለው አረጋገጠ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ከፍ ያለ ዋጋ አለው። መሣሪያው በየምስሉ ላይ ምልክት ያበዛ ስለነበር ሐኪሞች አንድም በከንቱ ይደናገጣሉ፣ አንድም ምልክቱን ሁሉ መናቅ ይለምዳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ጥቅሙ በታላቅ ሙከራ ሳይመዘን በፊት አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር። የተፈቀደውና የተስፋፋው አስቀድሞ ነው፤ የተመዘነው ዘግይቶ ነው።

አዲሱ መሣሪያ እንዴት ይማራል?

የዛሬው መሣሪያ ከቀድሞው የሚለየው ሕጉን ሰው ስለማይጽፍለት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልገናል።

ለኮምፒዩተር ማሞግራም የቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው። ምስሉ ፒክስል ከሚባሉ በርካታ ሚሊዮን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ የንጣቱን መጠን የሚገልጽ ቁጥር አለው። በ12 ቢት የሚመዘግብ መሣሪያ ከሆነ ቁጥሩ ከ0 እስከ 4,095 ሊሆን ይችላል። አሁን ዘጠኝ ቁጥሮች የያዘች፣ ሦስት በሦስት የሆነች ትንሽ መስኮት እናስብ። መስኮቷን በምስሉ አንድ ጥግ ላይ አሳርፈን፣ በሥሯ ያሉትን ዘጠኝ ነጥቦች በመስኮቷ ቁጥሮች እያባዛን ድምራቸውን እንመዘግባለን፤ ከዚያም አንድ ነጥብ ወደ ጎን እየገፋን ምስሉን እስክንጨርስ እንደግመዋለን። የመስኮቷ ቁጥሮች በአግባቡ ከተመረጡ የድምሩ ሠንጠረዥ፣ ለምሳሌ፣ ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን ዳርቻ ብቻ አጉልቶ ያሳያል። ይህ ስሌት ኮንቮሉሽን ይባላል።

የመጀመሪያዎቹ መስኮቶች ዳርቻዎችን ይለያሉ፤ በእነሱ ውጤት ላይ የሚያርፉት ሁለተኛዎቹ ኩርባና ማዕዘንን፣ ቀጥለው የሚመጡት ደግሞ ከዚያ የረቀቀ ቅርጽን ይለያሉ። እንዲህ እየተደራረበ የሚሄደው አሠራር «ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ» ይባላል። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ጃፓናዊው ኩኒሂኮ ፉኩሺማ በ1980 መሠረት የጣለ ሲሆን፣ በ2012 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ መረብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ፎቶግራፎች ሠልጥኖ የምስል መለየት ውድድርን በከፍተኛ ልዩነት ካሸነፈ ወዲህ ዓለም ሁሉ ተቀብሎታል።

ታዲያ የመስኮቶቹን ቁጥሮች ማን ይመርጣል? ማንም አይመርጥም። መረቡ ሲጀምር ቁጥሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ የተሰጡ ናቸው። ከዚያም እውነተኛ መልሳቸው የሚታወቅ፣ ማለትም «በናሙና ምርመራ ካንሰር መሆኑ ተረጋግጧል» ወይም «ለዓመታት ተከታትለን ምንም አልተገኘባትም» የተባለላቸው እጅግ ብዙ ማሞግራሞች ይቀርቡለታል። መረቡ ግምቱን ይሰጣል፤ ግምቱ ከእውነቱ ምን ያህል እንደራቀ ይሰላል፤ ስሕተቱ እንዲቀንስም ቁጥሮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህ የካልኩለስ ትምህርት ሥራ መሆኑን ወዲያውኑ ይገነዘባሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር የሚስተካከለው የስሕተቱን ዴሪቬቲቭ በመከተል ነውና። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም መረቡ ማንም በቃል ያልነገረውን የካንሰር ምልክት መለየት ይጀምራል።

በዚህ መንገድ የተሠራ የጉግል ፕሮግራም በጥር 2020 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ቀርቦ ነበር። ከብሪታንያና ከአሜሪካ በተሰበሰቡ የቆዩ ማሞግራሞች ሲፈተን፣ በከንቱ የሚጠሩትንም ሆነ የሚያመልጡትን ቀንሶ ታየ። ይሁን እንጂ የቆየ ምስል ላይ መፈተን አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ በምርመራ ላይ ያለችን ሴት መርዳት ሌላ ነው።

«99 በመቶ ትክክል» ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ሙከራው ከመሻገራችን በፊት አንባቢያንን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አንድ ሰው 99.5 በመቶ ትክክል የሚመልስ ፕሮግራም ሠርቻለሁ ቢለን ማድነቅ ይገባናልን? ከ1,000 ሴቶች አምስቱ ብቻ ካንሰር ካለባቸው፣ ምስሉን ጨርሶ ሳያይ ለሁሉም «ካንሰር የለም» የሚል ፕሮግራም 995 ጊዜ ትክክል ይሆናል። ውጤቱ 99.5 በመቶ ነው፤ ያተረፈው ሕይወት ግን አንድም የለም።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ነጣጥለን መጠየቅ አለብን። አንደኛው፣ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ስንቶቹን አገኘ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ካንሰር ከሌለባቸው ስንቶቹን በከንቱ አስደነገጠ የሚለው ነው። ማንም ሰው ጥርጣሬውን በማብዛት የመጀመሪያውን ማሻሻል ይችላል፤ በዚያው ልክ ግን ሁለተኛው ይበላሽበታል። የ1998ቱ መሣሪያ የወደቀው በዚህ ወጥመድ ነው።

የማልሞው ሙከራ

በሚያዝያ 2021 በደቡብ ምዕራብ ስዊድን፣ ማልሞን ጨምሮ በአራት የምርመራ ጣቢያዎች፣ ማሳይ የሚል አሕጽሮተ ስም የተሰጠው ሙከራ ተጀመረ። የመሩት የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባና የራዲዮሎጂ ሐኪም ክሪስቲና ሎንግ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 የሆነ ከ105,000 በላይ ሴቶች በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን ማሞግራም እንደተለመደው በሁለት ሐኪሞች ተነበበ። በሌላው ቡድን ግን መሣሪያው ቀድሞ እያንዳንዱን ምርመራ ከ1 እስከ 10 ያለ የሥጋት ደረጃ ሰጠው። ከ1 እስከ 9 ያገኘው በአንድ ሐኪም ብቻ፣ 10 ያገኘው ደግሞ በሁለት ሐኪሞች እንዲነበብ ተደረገ፤ ከፍ ያለ ደረጃ ባገኙት ምስሎች ላይም መሣሪያው የተጠራጠረውን ቦታ አመለከተ። ልብ እንበል፤ የትኛዋም ሴት በመሣሪያ ብቻ ተመርምራ አልተሸኘችም።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? ዕጣ ካልተጣለ በአንዱ ቡድን የሚታየው ብልጫ የመሣሪያው ይሁን የሴቶቹ ዕድሜ ወይም የሚኖሩበት አካባቢ ልዩነት ያመጣው መለየት አይቻልም። በዕጣ የተከፈሉ ሁለት ታላላቅ ቡድኖች ግን በሁሉም ነገር ተቀራራቢ ስለሚሆኑ፣ የቀረው ልዩነት በንባቡ ስልት ምክንያት የመጣ መሆኑን በድፍረት ለመናገር ይቻላል።

በነሐሴ 2023 የወጣው የመጀመሪያው ውጤት 80,000 ያህል ሴቶችን የሚመለከት ነበር። በመሣሪያው በታገዘው ቡድን 861 ሴቶች ለተጨማሪ ምርመራ ሲጠሩ 244ቱ ካንሰር ተገኘባቸው፤ በተለመደው አሠራር ከተጠሩት 817 ሴቶች ደግሞ 203ቱ። ካንሰር ሳይኖርባቸው የተጠሩት በሁለቱም ቡድኖች 1.5 በመቶ ነበሩ። ይኸውም የድሮው መሣሪያ ያመጣው የከንቱ ድንጋጤ እዚህ አልተደገመም ማለት ነው።

በ2025 የቀረበው የሁሉም ሴቶች ውጤት ይህንኑ አጠናከረ። በመሣሪያው የታገዙት ሐኪሞች 338 ካንሰሮችን ሲያገኙ በተለመደው አሠራር የተገኙት 262 ናቸው፤ ብልጫው 29 በመቶ ነው። በሌላ በኩል የንባቡ ቁጥር ከ109,692 ወደ 61,248 ወረደ፤ የሐኪሞቹ የንባብ ሸክም በ44 በመቶ ቀለለ ማለት ነው።

ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ምልክት አሳይተዋል። በጀርመን በ12 የምርመራ ማዕከላት ከ460,000 በላይ ሴቶች የተካተቱበትና በጥር 2025 የታተመ ጥናት፣ በመሣሪያው በታገዘው ንባብ ከ1,000 ሴቶች 6.7 ካንሰሮች፣ ካልታገዘው ደግሞ 5.7 መገኘታቸውን አስታውቋል። ይህኛው ግን በዕጣ የተከፈለ ስላልነበረ በማስረጃነቱ ከስዊድኑ ዝቅ ይላል። ብሪታንያም በ2025 ወደ 700,000 ሴቶችን የሚያካትት ሙከራ እንደምትጀምር አስታውቃለች።

ብዙ ማግኘት ሁልጊዜ ይጠቅማልን?

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ደርሰህ «እንግዲህ ነገሩ ተፈጸመ» ልትል ትችላለህ። ጠንቃቃ ተመራማሪ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል።

ሁሉም ካንሰር አንድ አይደለም። ከወተት መተላለፊያ ቱቦው ሳይወጣ ባለበት የተቀመጠ የካንሰር ዓይነት አለ፤ ከዚህ ዓይነቱ አንዳንዱ ወደ ውጭ ዘልቆ ገዳይ ሲሆን፣ ሌላው ዕድሜ ልክ ምንም ሳይጎዳ ሊኖር ይችላል። የማይጎዳውን አግኝቶ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ማከም ለሴትየዋ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። በስዊድኑ ሙከራ ቱቦውን አልፈው የወጡት ካንሰሮች ከ217 ወደ 270፣ በቱቦው ውስጥ ያሉት ደግሞ ከ45 ወደ 68 ከፍ ብለዋል። የጭማሪው ትልቁ ክፍል ሊታከም የሚገባው ዓይነት መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ከ45 ወደ 68 ያለው ጭማሪ መጠንቀቅን ይጠይቃል።

ታዲያ የተገኙት ተጨማሪ ካንሰሮች በእርግጥ አደገኛ የነበሩ መሆናቸው እንዴት ይታወቃል? መልሱ ቀደም ሲል ባነሣነው የመካከል ካንሰር ላይ ነው። መሣሪያው ያገኘው ወደፊት ሊጎዳ የሚችለውን ከሆነ፣ ሴቶቹ ከተሸኙ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚገለጡት ካንሰሮች መቀነስ አለባቸው። ያገኘው የማይጎዳውን ብቻ ከሆነ ግን ቁጥሩ ባለበት ይቀራል። ይህን ለማወቅ ትዕግሥት እንጂ አቋራጭ መንገድ የለም። ተመራማሪዎቹም ሁለት ዓመት ጠበቁ።

ውጤቱ በጥር 2026 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በመሣሪያው በታገዘው ቡድን ከ1,000 ሴቶች 1.55፣ በተለመደው አሠራር 1.76 የመካከል ካንሰር ተገኝቷል። ካንሰርን የማግኘት ብቃቱ ከ73.8 በመቶ ወደ 80.5 በመቶ ሲያድግ፣ ጤናማዋን ጤናማ የማለት ብቃቱ በሁለቱም ወገን 98.5 በመቶ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በ1.55 እና በ1.76 መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ያህል አነስተኛ ነው። ሙከራው በእርግጠኝነት ያረጋገጠው፣ ግማሽ ያህሉ የንባብ ሥራ ሲቀነስ ሴቶቹ ከቀድሞው የባሰ አደጋ ላይ አለመውደቃቸውን ነው። ሞትን መቀነሱን ለማወቅ ከዚህ የረዘመ ክትትል ያስፈልጋል።

ሐኪሙና መሣሪያው

መሣሪያው ስሕተት ቢሠራ ሐኪሙ ያርመዋል ብለን እንጠብቃለን። ይህ ተስፋ ሁልጊዜ አይፈጸምም። በ2023 በታተመ አንድ ሙከራ 27 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች 50 ማሞግራሞችን በመሣሪያ ታግዘው እንዲያነቡ ተደረገ፤ ነገር ግን የአንዳንዶቹ ምስሎች የመሣሪያ ግምት ሆን ተብሎ እንዲሳሳት ተደርጎ ነበር። ልምድ ያልነበራቸው ሐኪሞች የመሣሪያው ግምት ትክክል ሲሆን 80 በመቶ ያህል በትክክል ሲመልሱ፣ ግምቱ ሲሳሳት ግን ወደ 20 በመቶ አሽቆለቆሉ። እጅግ የተካኑት እንኳ ከ82 በመቶ ወደ 45.5 በመቶ ወርደዋል። ሰው በመሣሪያ ላይ ሲደገፍ የራሱን ዓይን መጠራጠር ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ ነገ ከመሣሪያ ጋር የሚሠራው ሐኪም ከዛሬው ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ሥልጠና ያስፈልገዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ሲሆን፣ ብዙዎቹም ከ50 ዓመት በታች ናቸው። ሴቶችን በየጊዜው እየጠራ በማሞግራም የሚመረምር አገር አቀፍ መርሐ ግብር የለም። ማሞግራም በሌለበት የማሞግራም አንባቢ ሥራ የለውም። ይህን ደፍሮ መናገር ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን ቅደም ተከተልን ማወቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ይፋ ያደረገው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር ሦስት ግቦች አሉት። ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 በመቶው በሽታው ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ሳለ እንዲታወቅላቸው፣ ምርመራው ታማሚዋ ከቀረበችበት ዕለት አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶው ደግሞ ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ ነው። ከሦስቱ አንዱም ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማይቻል አይደለም። የሚጠይቀው እብጠት ያገኘች ሴት ሳትውል ሳታድር መምጣቷን፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያም ሳያዘገይ ወደ ሆስፒታል መላኩን ነው።

ስለዚህ አንባቢያን ለእናቶቻቸው፣ ለእኅቶቻቸውና ለራሳቸው ሊያውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። እነሱም በጡት ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ አዲስ እብጠት፣ የጡት ቆዳ መጨማደድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጎድጎድ፣ ቀድሞ ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ እንዲሁም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ናቸው። ካንሰር የሆነ እብጠት በመጀመሪያው ጊዜ በአብዛኛው አያምም፤ «ስላላመመኝ ምንም አይደለም» የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን ጎድቷል። በአንጻሩ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር ስላልሆነ ፍርሃት ከሐኪም ሊያርቀን አይገባም። በሽታው ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም ወንዶችንም እንደሚይዝ መዘንጋት የለበትም።

ነገ ማሞግራም ሲስፋፋ መሣሪያውም መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። በአብዛኛው በአውሮፓውያን ሴቶች ምስል የሠለጠነ መረብ፣ በዕድሜ ወጣት በሆኑትና ጡታቸው ጥቅጥቅ ባለ ሴቶቻችን ላይ ያንኑ ያህል ይሠራልን? ይህን ስዊድን ልትመልስልን አትችልም። የሚመልሱት ምስሎችን ከነእውነተኛ ውጤታቸው በጥንቃቄ የሚያከማቹ ሐኪሞች፣ ሙከራውን በዕጣ የሚያዋቅሩ የስታትስቲክስ ምሩቃን፣ መረቡን ፈትተው የሚመረምሩ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ባለሙያዎች፣ የራጁን መጠን የሚቆጣጠሩ የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሚበዙት ዛሬ በየክፍላቸው ተቀምጠው ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ተማሪዎች ናቸው። የ1998ቱ መሣሪያ ሳይመዘን ገበያ ወጣ፤ የስዊድኑ ግን በመቶ ሺህ ሴቶች ተመዝኖ፣ ሁለት ዓመት ተጠብቆ ውጤቱ ተነገረ። ወደ አገራችን የሚገባውም መሣሪያ በዚሁ ሚዛን ላይ እንዲወጣ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ይሆናል።